«ያቺ ክብ ላስቲክ» ቁጥር አላት

አጎቴ ከጥሊሊ የደወለልኝ ባሕር ዛፍ ሊቆርጥ ከሰው ጋር ተዋውሎ፣ ቀብድም ከበላ በኋላ ነው። «ልጄ፣ ቼንሶዋ ቆመችብኝ። ያቺ ክብ ላስቲኳ ናት ያለቀችው አሉኝ። አዲስ አበባ የማይገኝ ነገር የለም፤ ፈልግና በመኪና ላክልኝ» አለኝ። ቀላል ነገር መስሎኝ እሺ አልኩ።

በማግስቱ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። የመጀመሪያው ባለሱቅ «የምን ላስቲክ?» አለኝ። የቼንሶ። «የየትኛው ቼንሶ?» የአሮጌው። ሰውየው ሳቀብኝ፤ አልፈርድበትም። ከዚያ ምናለሽ ተራ ዞርኩ፤ እዚያ ደግሞ ከተፈታታ ብረት ክምር ውስጥ ሦስት ዓይነት ክብ ላስቲክ አውጥተው «ምረጥ» አሉኝ። በግምት አንዱን ገዛሁ፣ ላክሁ፣ አልገባም። አጎቴ ሁለት የሥራ ቀን ከሰረ፤ እኔም የታክሲ።

ያን ጊዜ «ዕቃው ከገበያ ጠፍቷል» ብዬ ነበር። ጠፍቶ የነበረው ስሙ ነው። የአሮጌ ማሽን መለዋወጫ ፍለጋ ብዙውን ጊዜ የሚከሽፈው እዚህ ላይ ይመስለኛል። እናንተ ስልክ ኪሳችሁ የያዛችሁ ልጆች ደግሞ ይህን ችግር ለመፍታት ከማናችንም የቀረባችሁ ናችሁ።

መጀመሪያ ስለ ማሽኗ ላውራችሁ። ስቲል 070 ትባላለች። ጀርመን ሠራሽ ናት፤ ሞዴሉ የወጣው በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ነው። ሞተሯ 106 ሲሲ ስለሆነ ግንድ ጣውላ አድርጋ ትሰነጥቃለች። ብርቱካናማ ቀለሟ ተልጧል፣ እጀታዋ በጎማ ተጠቅልሏል። የአጎቴን ልጆች ያስተማረችው እሷ ናት፤ ለእኔም የመጀመሪያ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ወጪዬ ላይ እጇ አለበት።

ከሁለት ዓመት በፊት ግን እኔው ነኝ «ጣሏት፣ አዲስ ግዙ» ያልኩት። ተዋጥቶ አዲስና ርካሽ ተገዛ። በሁለተኛው ወር ፒስተኑ ተጫጭሮ ቆመ። የሸጠው ሱቅ ለዚያ ማሽን አንድም መለዋወጫ አልነበረውም። «ሌላ አዲስ ውሰዱ» ነበር መልሱ። አጎቴ ምንም ሳይናገር አሮጌዋን ከጓዳ አወጣት።

ታዲያ አሁን ምን ነካት? ጥሊሊ ውስጥ ሞተር የሚጠግን አንድ ጋሼ አለ። ማሽኗን አስነስቶ አዳመጠ። ጋዝ ሳይሰጣት ራሷ ትጮኻለች፣ ስትለቋት ቶሎ አትወርድም። «አየር ትሰርቃለች» አለ። ነገሩ እንዲህ ነው። በሁለት ምት ሞተር ቤንዚንና ዘይቱ ተቀላቅለው የሚገቡት በክራንክ ቤት በኩል ነው። ስለዚህ ያ ቤት ድፍን መሆን አለበት። በክራንኩ ግራና ቀኝ ያሉት ክብ ላስቲኮች፣ ማለትም ኦይል ሲሎቹ፣ ሲያልቁ አየር ሾልኮ ይገባል፤ ድብልቁ ይቀጥናል። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ስለሚመጣ ቅባቱም አብሮ ይቀንሳል። ከዚያ ፒስተኑ ይግልና ከሲሊንደሩ ጋር ይፋጫል። ትንሿ ላስቲክ በጊዜ ካልተቀየረች ትልቁን ፒስተን ትበላለች ማለት ነው። ርካሹ ማሽንም ምናልባት እንዲሁ ሆኖ ይሆናል የሞተው፤ ማን ከፍቶ አየው?

ጋሼ በሽታዋን በጆሮው አወቀ። ግን የዕቃውን ስም ለእኔ፣ እኔም ለባለሱቁ ማድረስ አቃተን። ለምን ብትሉ፣ የጋራዣችን ቋንቋ በአብዛኛው ከጣሊያን የመጣ ነው፤ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ፣ ካቻቢቴ። ኢንተርኔት ላይ ያለው ካታሎግ ደግሞ ካንዴላን ስፓርክ ፕለግ፣ ፍሪሲዮንን ክላች፣ ኩሽኔታን ቤሪንግ፣ ማርሚታን ማፍለር ይላል። አዋቂው አንዱን ቋንቋ ያውቃል፣ ካታሎጉ ሌላውን ይናገራል፣ በመሀል ማሽኗ ትቆማለች። ጋሼ «ካንዴላ» ብሎ ቢፈልግ የሚያገኘውን አስቡት እስቲ።

ችግሩን የፈታችው የአጎቴ ልጅ ናት፤ አሥረኛ ክፍል ናት። ጋሼ አሮጌውን ሲል ሲያወጣ ቤንዚን በነካ ጨርቅ ጠረገችውና በስልኳ አቅርባ አነሳችው። ፊቱ ላይ ሦስት ቁጥሮች ታትመዋል። የመጀመሪያው የውስጥ ስፋቱ፣ ሁለተኛው የውጭ ስፋቱ፣ ሦስተኛው ውፍረቱ ነው፤ ሁሉም በሚሊሜትር። ለምሳሌ 20-30-7 የሚል ካያችሁ፣ 20 ሚሊሜትር ዘንግ ላይ የሚቀመጥ፣ 30 ሚሊሜትር ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ፣ 7 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሲል ነው። ፎቶውን በቴሌግራም ላከችልኝ። የቼንሶ ሱቅ እንኳ አላስፈለገኝም። ሲልና ኩሽኔታ የሚሸጥ ቤት ገብቼ ቁጥሩን አሳየሁ፣ «ሙቀትና ቤንዚን የሚችል ይሁን» አልኩ፣ በአሥር ደቂቃ ወጣሁ።

ሌላም ነገር አገኘች። የስቲል ዕቃዎች ባለ 11 አኃዝ ቁጥር አላቸው፤ የመጀመሪያዎቹ አራቱ የሞዴሉን ቤተሰብ ይናገራሉ። የ070 ዕቃ በ1106 ይጀምራል። ይህን ያወቀ ሰው ከሌላ ሞዴል ዕቃ ጋር አይሳከርም። የሚገርመው ደግሞ 070 ብዙ ኮፒ የተሠራላት ማሽን ስለሆነች ዕቃዋ ከብዙ አዳዲስ ርካሽ ማሽኖች ዕቃ ይልቅ ይገኛል። ጥራቱ ግን ይለያያል፤ ስለዚህ ፒስተንና ፋሻ ስትገዙ ሳትለኩ አትክፈሉ።

«ሁሉም ዩቲዩብ ላይ አለ፣ ጋሼ ለምን ያስፈልጋል?» የምትሉ አላችሁ። ልክ አይደላችሁም። ቪዲዮውን የሠራው ሰው ብዙ ጊዜ ቆላ አገር ነው ያለው። የአዊ ደጋ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። ቆላ ላይ የተስተካከለ ካርቡራተር ጥሊሊ ሲመጣ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ያጨሳል፣ ጉልበት ያንሰዋል። የቤንዚኑን ብሎን ትንሽ ማጥበብ ያስፈልጋል። ከልክ በላይ ካጠበባችሁት ግን ያው ፒስተኑን ታቃጥላላችሁ። «ትንሽ» ስንት እንደሆነ የሚያውቀው የጋሼ ጆሮ ነው። የዘይቱም ነገር እንዲሁ ነው። በተራ የሁለት ምት ዘይት 1 ለ25፣ ማለትም ለአንድ ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው፤ 1 ለ50 ለዚያ ተብሎ ለተሠራ ጥሩ ዘይት ብቻ ነው። ስልኩ ቁጥሩን ይሰጣችኋል፤ የገዛችሁት ዘይት የትኛው እንደሆነ የሚለይላችሁ ግን ልምድ ያለው ሰው ነው።

ሁለት ተቃውሞ ይቀርብብኛል። አንደኛው «ዛፍ የሚጨርስ ማሽን ለምን ይጠገናል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የተፈጥሮ ደን ላይ የሚነሳ መጋዝ እኔንም ያመኛል። የአዊ ገበሬ ግን በአብዛኛው የሚቆርጠው ራሱ የተከለውን ነው። ዲከረንስን ከጤፍ ጋር ተክሎ፣ ቀጥሎ ሣሩን አጭዶ፣ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ሲሆነው ከሰል ያደርገዋል፤ ባሕር ዛፉንም እንዲሁ በተራ ይቆርጣል። ማሽኗ ብትሞት ዛፉ በመጥረቢያ ይቆረጣል፤ የሚቀረው የአጎቴ ገቢ ነው።

ሁለተኛው ደኅንነት ነው፤ እዚህ ላይ አልከራከርም። አሮጌዋ 070 የሰንሰለት ፍሬን የላትም። የምላጯ አፍንጫ ላይኛው ጫፍ እንጨት ከነካ ማሽኗ ወደ ቆራጩ ፊት ትወረወራለች፤ ሰንሰለቱን የሚያቆም ነገር የለም። ስለዚህ ለመሰንጠቅ፣ መሬት ላይ ለተኛ ግንድ፣ ለለመደ እጅ ትሁን። ለጀማሪ ልጅ እሷን መስጠት ኃጢአት ነው። ክራንክ ቤቱ የተሰነጠቀ ማሽን ደግሞ ጡረታ ወጥቶ ለሌላዋ ዕቃ ይለግስ እንጂ በብየዳ አይታለል።

የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን ጋሼን የመሰሉ ሰዎችን ጋብዘው የአካባቢውን ማሽን በአካባቢው ቋንቋ ቢያስተምሩ እወዳለሁ። ማሽን አስመጪውም መለዋወጫውን መደርደሪያ ላይ ሳያኖር ማሽኑን ባይሸጥልን ጥሩ ነበር። እነሱን ስንጠብቅ ግን ሥራው ይቆማል።

አጎቴ ውሉን በአምስት ቀን አዘግይቶ ጨረሰ፤ ከክፍያው ተቀንሶበታል። ልጁ ግን አሁን ስልኳ ላይ አንድ አልበም አላት። ማሽኗ በተፈታች ቁጥር እያንዳንዱን ዕቃ ከማስመሪያ ጎን አስቀምጣ ታነሳለች፤ ከሥሩ ጋሼ የሚጠራበትን ስም፣ የካታሎጉን ስምና ቁጥሩን ትጽፋለች። ባለፈው ሳምንት ሌላ ቆራጭ ደውሎ ስለ ፍሪሲዮን ጠይቋታል።

በእናንተስ ቤት ምን ቆሟል? የውኃ ፓምፕ ነው፣ ወፍጮ ነው፣ የእናታችሁ ሲንጀር ነው? ከመጣሉ በፊት ጠግኖት የሚያውቀውን ሰው ፈልጉ፤ ሲፈታው አጠገቡ ቁጭ በሉና ፎቶ አንሱ። ስሙንም ከእሱ አፍ ጻፉት፤ ጋሼዎቹ እያረጁ ነው።