ለጉልበት የሚሰጠው ጊዜ ለአእምሮም ይሰጥ

ተጫዋች የጉልበት ጅማቱ ሲበጠስ ደጋፊው ወራት ይታገሳል። ድብርት ሲይዘው ግን «ልቡ ሸፍቷል» ይባላል። የሃኖቨር 96ና የጀርመን ብሔራዊ ቡድን በረኛ ሮበርት ኤንከ ሕመሙን ለዓመታት ደብቆ ተጫወተ፤ ኖቬምበር 10 ቀን 2009 (እ.ኤ.አ.) በ32 ዓመቱ ራሱን አጠፋ። ባለቤቱ ቴሬዛ እንደተናገረችው፣ ቢታወቅበት ኳሱንም የማደጎ ልጁንም እንዳያጣ ፈርቶ ነበር።

የድብርት መድኃኒት በ90ኛው ደቂቃ ተቀይሮ ገብቶ ጎል የሚያገባ አጥቂ አይደለም። በብዛት የሚታዘዙት እንክብሎች ሴሮቶኒን የተባለው ንጥረ ነገር በአንጎል ሴሎች መካከል እንዲቆይ ያደርጋሉ፤ ለውጡ የሚታየው ግን ከሳምንታት በኋላ ነው። «ተሻለኝ» ብሎ ያለ ሐኪም ምክር ድንገት ማቋረጥም እየመሩ ዕረፍት ላይ ሜዳ ጥሎ እንደመውጣት ነው።

ታዲያ በሁለት መጥፎ ጨዋታ «ይሸጥ!» የሚል ደጋፊ ባለበት ማን ደፍሮ ታመምኩ ይላል? ከስድቡ በፊት «ምን ሆኖ ይሆን?» ማለት ይቅደም።