ስም የሌለው ገቢ፦ ከሩቅ የሚተዳደሩ የሊኑክስ ሰርቨሮችና የሩት መግቢያ

የዝቋላ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው ጽጽቃም ይሁን በሰቆጣ ከተማ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የሚገኝ የሊኑክስ ሰርቨር ሲታወክ ጠጋኙ ብዙ ጊዜ በቦታው አይገኝም። ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ የተቀመጠ ባለሙያ በኤስኤስኤች ለመግባት ይሞክራል፤ ሩት ብሎ ትክክለኛውን የይለፍ ቃል ቢያስገባም ሰርቨሩ ይከለክለዋል። ደግሞ ይጽፋል፤ ደግሞ ይከለከላል። ቀጥሎ የሚሆነው የታወቀ ነው፦ በቦታው ላለ ሠራተኛ ስልክ ይደወልና የሩትን መግቢያ የሚቆጣጠረው የማዋቀሪያ መስመር «ይፈቀድ» እንዲል ይደረጋል። ሥራው ይቃለላል፤ መስመሩም እንደተከፈተ ይቀራል። ይህ ልማድ ሊቀር ይገባዋል።

ክልከላው በመሠረቱ ብልሽት አይደለም። ኦፕንኤስኤስኤች በነሐሴ 2007 ዓ.ም. በወጣው 7.0 እትሙ (የሰቆጣ ቃል ኪዳን ይፋ ከሆነ አንድ ወር ገደማ በኋላ መሆኑ ነው) ሩት በቁልፍ እንጂ በይለፍ ቃል እንዳይገባ መነሻ ቅንብሩን ለውጧል። ግራ የሚያጋባው፣ ሰርቨሩ የይለፍ ቃሉን መጠየቁን አለመተዉ ነው፤ ትክክለኛውን ተቀብሎ እንደ ስሕተት ይመልሰዋል። በኡቡንቱ ደግሞ ሩት ከመነሻው የይለፍ ቃል አልተሰጠውም። ሌላም ወጥመድ አለ፦ በአዳዲስ የኡቡንቱ እትሞች ዋናው የማዋቀሪያ ፋይል ገና ከአናቱ በንዑስ ማውጫ ያሉ ፋይሎችን ያነባል፤ ለአንድ ቅንብር የሚጸናውም መጀመሪያ የተነበበው ዋጋ ነው። ዋናውን ፋይል አሥር ጊዜ ቢያርሙት ለውጥ የማይታየው ስለዚህ ነው። እንግዲያው ከማረም በፊት አገልጋዩ በተግባር የሚሠራበትን ቅንብር በትልቁ ቲ አማራጭ ማሳየት፣ የመግቢያ መዝገቡንም ማንበብ ይቀድማል። ብዙዎች የሚዘሉት ይህንኑ ነው።

የጉዳዩ ክብደት ግን ከዚህ ያልፋል። ሩት ስም የለውም። አምስት ሰዎች በአንድ የይለፍ ቃል ሲገቡ መዝገቡ የሚያስቀረው የሩትን መግባት፣ ሰዓቱንና የመጣበትን አድራሻ ብቻ ነው። በዋግ ኽምራ የሕፃናት መቀንጨር ልኬት በዚያ ሰርቨር ተከማችቶ አንድ ረድፍ ቢጠፋ፣ ማን አጠፋው ለሚለው ጥያቄ መልስ አይኖርም፤ ያ ረድፍ የአንድ ሕፃን ክብደትና ቁመት ነው። እያንዳንዱ ባለሙያ በራሱ ስም ገብቶ በሱዱ ሥልጣን ቢሠራ ግን ትእዛዙ ከነስሙ ይመዘገባል። እርግጥ ለየሰው የተለየ ቁልፍ ተሰጥቶ ሩት ቢገባም የቁልፉ አሻራ በመዝገቡ ይቀራል፤ ከጋራ የይለፍ ቃል የተሻለ ነው። ሆኖም አሻራውን ከሰው ጋር የሚያዛምድ ዝርዝር የሚይዝ መሥሪያ ቤት ጥቂት ነው።

የርቀቱ ክርክር ቀላል አይደለም። ሰቆጣ ከአዲስ አበባ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበርም አይዘነጋም። «መንገዱ ሩቅ ነው፣ በሩ ክፍት ይሁን» የሚሉ ሰዎች ይህንኑ ያነሳሉ። ይሁንና መስመሩ ሲቋረጥ የተከፈተ የሩት በርም ለጠጋኙ አይጠቅመውም፤ መስመሩ ሲመለስ ደግሞ ወደቡን ሌትና ቀን የሚያንኳኩ የይለፍ ቃል ገማች ፕሮግራሞች ይቀድሙታል። ርቀቱ የሚጠይቀው ሌላ ጥንቃቄ ነው፦ ቅንብር ከመለወጥ በፊት አንዱን ግንኙነት ክፍት መተው፣ ፋይሉን በትንሹ ቲ አማራጭ መፈተሽ፣ አገልግሎቱን እንደገና አስነሥቶ በሁለተኛ መስኮት መግባት፣ ይህ እስኪሳካም የመጀመሪያውን አለመዝጋት። አገልግሎቱ ሲነሣ የተከፈተው ግንኙነት አይቋረጥምና ስሕተቱን ለማረም ዕድል ይሰጣል።

ይህ ሁሉ ሲከሽፍ የሚቀረው ከሰርቨሩ ጋር የተያያዘው የቁልፍ ሰሌዳ ነው። ከሰሌዳው ፊት የሚቀመጠው የሰቆጣ ወይም የጽጽቃ ሠራተኛ ግን እስካሁን በስልክ የሚነገረውን ፊደል በፊደል የሚጽፍ ብቻ ተደርጎ ቆይቷል። የራሱ መለያ፣ የሱዱ ሥልጣንና የሁለት ሳምንት ሥልጠና ለእርሱ ይገባል፤ ወጪውም ለአንድ ባለሙያ ከባሕር ዳር ደርሶ መልስ ከሚከፈለው ውሎ አበል ብዙ የሚርቅ አይደለም።