የከተማ መብራት፣ የእንጦጦ ቴሌስኮፕ እና የላስታ ጨለማ

በአዲስ አበባ አራዳ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል አጠገብ ባለው የምኒልክ አደባባይ ቆሞ በጥቅምት ሌሊት ወደ ሰማይ የሚያንጋጥጥ ሰው የሚያያቸው ከዋክብት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ደመና ስለጋረዳቸው አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ የተጀመረው የኮሪደር ልማት አካባቢውን በመንገድና በሕንፃ መብራት አድምቆታል። ለእግረኛውና አምሽቶ ለሚሠራው ነጋዴ ይህ መልካም ዜና ነው። የሚቸገረው ከአደባባዩ በስተሰሜን ከፍ ብሎ በሚታየው ተራራ ላይ የተቀመጠው መሣሪያ ነው።

በእንጦጦ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3 ሺህ 200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል፤ የእያንዳንዳቸው መስታወት የአንድ ሜትር ስፋት አለው። በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ የምርምር ማዕከል 3 ነጥብ 4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የወጣበት ሲሆን፣ ወጪውን የሸፈኑት ባለሀብቱ ሼክ መሐመድ አል-አሙዲ ናቸው። ሐሳቡ የተጠነሰሰው ግን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ አልነበረም። የሰማይ ነገር የሚያብሰለስላቸው፣ ቁጥራቸው ሃምሳ የማይሞላ ሰዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲን መሠረቱ። ዛሬ ሶሳይቲው በሺዎች የሚቆጠሩ አባላትና በየትምህርት ቤቱ የተቋቋሙ ክበባት አሉት። በዚያን ጊዜ ግን መሥራቾቹን እንደ እብድ የቆጠራቸው ሰው ጥቂት አልነበረም።

የተቺዎቹ ጥያቄ ቀላልና ከባድ ነበር፦ ሕዝብ ጠግቦ ባላደረበት አገር ሰማይ መመልከት ምን ይረባል? ጥያቄው ዛሬም አልሞተም። በገበሬው በኩል ሲነሳ ደግሞ በንቀት የሚታለፍ አይደለም፤ ዝናቡ ሲዘገይ የሚራበው እሱ ነውና።

ከፊሉ መልስ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ንጋት ላይ ተሰጥቷል። በዚያ ዕለት የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ-1 ከቻይናው ታይዩዋን የማስወንጨፊያ ጣቢያ ስትመጥቅ፣ ባለሥልጣናት፣ ሳይንቲስቶችና የሶሳይቲው አባላት ከእንጦጦ ሆነው በቀጥታ ሥርጭት ተከታትለዋታል። ከ70 ኪሎ ግራም ትንሽ የበለጠች፣ ግብርናን፣ ደንንና ውኃን ከላይ እንድትቃኝ የታሰበች ሳተላይት ነበረች። አሠራሯ ለአርሶ አደር እንግዳ አይደለም። ጤናማ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይውጣል፤ ዓይን የማያየውን ከቀይ ቀጥሎ ያለውን ብርሃን ደግሞ አጥብቆ ይመልሳል። ውኃ የጠማው ወይም ተባይ የጀመረው ሰብል የሚመልሰው ያንሳል። ካሜራው ሁለቱን ብርሃኖች ለይቶ ይመዘግባል፤ ከልዩነታቸው የሰብሉ ጤና ይሰላል። የዚህች ሳተላይት ካሜራ በመሬት ላይ ለይቶ የሚያየው ትንሹ ቁራሽ በእያንዳንዱ ጎኑ 13 ነጥብ 75 ሜትር ነው። ስለዚህ አንድ ጥማድ መሬት፣ ማለትም የሄክታር ሩብ ገደማ፣ በምስሉ ላይ አሥራ ሦስት ያህል ነጥቦች ይኖሩታል። ማሳው ከየት ወገን እየደረቀ እንደሆነ ለማወቅ ይህ ይበቃል።

ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ሁለተኛዋ ትንሽ ሳተላይት ከዚያው ከቻይና ተከተለች። ደስታው ተገቢ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ሐቅ መሸፈን የለበትም። የአውሮፓው ሴንቲነል-2 የአሥር ሜትር ዝርዝር ያላቸውን ምስሎች፣ የአሜሪካው ላንድሳት ደግሞ የ30 ሜትሮቹን ለዓለም ሁሉ በነጻ ይሰጣሉ። የዋግ ኽምራም ሆነ የሰሜን ሸዋ ማሳዎች በየጥቂት ቀናቱ ይነሳሉ። እጥረቱ ያለው ከሰው ላይ ነው፤ ምስሉን የሚያነብ፣ ከመሬት እውነታ ጋር የሚያመሳክር፣ ከዚያም ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ በሚገባ ቋንቋ የሚያደርስ ሰው። የሶሳይቲው ክበባት ዋጋቸው የሚለካው እዚህ ላይ ነው። የጨረቃን ሸለቆዎች በትንሽ ቴሌስኮፕ አይቶ የተደነቀ ተማሪ ነገ የሳተላይት ምስል ተንታኝ ሊሆን ይችላል። ካላየ ግን መንገዱ መኖሩንም አያውቅም።

በሕዋ ወዳጆች መካከል ብዙ የሚያከራክረው ሌላው ጉዳይ ሮኬት ነው። ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ ምድር በወገቧ ላይ በሰዓት 1 ሺህ 670 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለምትሽከረከር፣ ወደ ምሥራቅ የሚወነጨፍ ሮኬት ይህን ፍጥነት በነጻ ያገኛል። ጎረቤት ኬንያ ይህን ጥቅም ቀድማ ቀምሳለች፤ ከማሊንዲ ዳርቻ ባሕር ላይ ከቆመው የጣሊያኖቹ ሳን ማርኮ ማስወንጨፊያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ታኅሣሥ 12 ቀን 1970 የተነሳችው ሳተላይት ስሟ ኡሁሩ ነበር፤ በስዋሂሊ ነጻነት ማለት ነው። ሐሳቡ ልብ ያሞቃል። ይሁንና ሮኬት ሲወጣ ያለቁ ክፍሎቹን እየጣለ ስለሚሄድ ከሥሩ ባሕር ወይም ሰው የማይኖርበት ምድር ይፈልጋል፤ የኢትዮጵያ ምሥራቅ ደግሞ ሰው፣ ግመልና የጎረቤት አገር ነው። ከዚህም በላይ የግብርና ሳተላይቶች የሚዞሩት ከዋልታ ወደ ዋልታ በመሆኑ የምድር ወገብ ቅርበት ብዙም አይጠቅማቸውም። ክርክሩ ለወጣቶች ጥሩ የፊዚክስ ትምህርት ነው፤ ለአሁኑ የአገሪቱ ኪስ ግን አይደለም።

አገሪቱ በእጇ ያለው ሀብት ራሱ ሰማዩ ነው። ከላሊበላ ሆኖ የሚመለከት ሰው የሰሜን ኮከብን በሰሜን አድማስ ላይ ከፍ ብሎ፣ የደቡብ መስቀልን ደግሞ በወቅቱ በደቡብ በኩል ያያል። ሁለቱንም የሰማይ ንፍቀ ክበቦች ከሞላ ጎደል በአንድ ቦታ ማየት አውሮፓም ሆነ ደቡብ አፍሪካ ያላገኙት ዕድል ነው።

እንጦጦ ይህን ዕድል በሚገባ ሊጠቀምበት አልቻለም። በክረምት ደመናው አይገለጥም። በበጋ ደግሞ የከተማው ብርሃን ወደ ላይ እየወጣ፣ በአየር ውስጥ ካለው አቧራና ጭስ ጋር እየተጋጨ ሰማዩን ያነጣዋል። የቴሌስኮፕ ሥራ ከሩቅ የሚመጣ ደካማ ብርሃን መሰብሰብ ነው፤ ሰማዩ ከነጣ ደካማው ብርሃን በንጣቱ ውስጥ ይሰምጣል፤ የመስታወቱ ትልቅነትም ፈጽሞ አያድነውም። ማዕከሉ ሲመረቅ ጀምሮ ይህ ይታወቅ ነበር፤ በዚያን ጊዜም ቢሆን ከከተማ መብራት የራቀና የበለጠ ኃይል ያለው ሁለተኛ ኦብዘርቫቶሪ በላሊበላ ዙሪያ ባሉት ተራሮች ላይ ለመትከል ታስቦ ነበር። የላስታ ተራሮች ከእንጦጦ ከፍ ያሉ ናቸው፤ አቡነ ዮሴፍ ከ4 ሺህ 200 ሜትር ይበልጣል። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስና ደረቅ ነው፤ የኮከቡም ብርሃን ሳይንቀጠቀጥ ይደርሳል።

ላስታ ለሕዋ ወዳጆች በሌላም ምክንያት የታወቀች ናት። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ እሑድ ጠዋት፣ ጨረቃ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ላሊበላ ቀለበታዊው ግርዶሽ ከሚያልፍበት መስመር ላይ ነበረች። የኮሮና ወረርሽኝ እንግዶችን ባያስቀር ኖሮ ከተማዋ በውጭ ተመልካቾች ትጥለቀለቅ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን የአካባቢው ሕዝብ ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ላሊበላና ዙሪያዋ የጦርነት ቀጠና ሆኑ። ጥይት በሚተኮስበት ቦታ ቴሌስኮፕ አይተከልም።

በመካከሉ ግን መብራት ይስፋፋል፤ መስፋፋትም አለበት። የላስታ ገበሬ ለኮከብ ተመራማሪ ሲባል በኩራዝ ይኑር የሚል ሰው ካለ ጤነኛ አይደለም። ቁም ነገሩ መብራቱ ወዴት ያበራል የሚለው ነው። ከላዩ ክዳን ያለው፣ ወደ መሬት ብቻ የሚያበራና ቀለሙ ወደ ቢጫ ያደላ የመንገድ መብራት ለእግረኛው ያንኑ ያህል ያሳየዋል፤ ወደ ሰማይ የሚባክነው ኃይልም ስለሚቀር የመብራት ክፍያውን ይቀንሳል። ክብ አምፖል በምሰሶ ላይ ሰቅሎ ግማሹን ብርሃን ለደመና መስጠት ከሳይንሱም ከኢኮኖሚውም ወገን ኪሳራ ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን በሕግ ደንግገውታል። ስፔን የካናሪ ደሴቶችን ሰማይ የሚጠብቅ ሕግ ያወጣችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1988 ነው። ደቡብ አፍሪካ በ2007 ለሥነ ፈለክ ምቹ የሆኑ አካባቢዎችን የሚከልል አዋጅ አጸደቀች፤ ትልቁ ቴሌስኮፗ የተተከለበት የካሩ ደረቅ ምድርም በዚህ ተጠብቋል። እነዚህ አገሮች ጥበቃውን ያደረጉት ሰማዩ ገና ጨለማ ሳለ ነው። በኢትዮጵያ የስፔስ ሳይንስና የጂኦስፓሻል ተቋማት በ2014 ዓ.ም. በአንድ ኢንስቲትዩት ሥር ተጠቃለዋል፤ እንዲህ ያለውን ሐሳብ ለማቅረብ ከእሱ የተሻለ ቅርብ አካል የለም። ኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ ወጥቶ ባሕር ዳርና ጎንደር ደርሷል። ነገ ወደ ተራራማዎቹ ከተሞች ሲዘልቅ የአምፖሉ ዓይነት በጨረታ ሰነዱ ላይ በአንድ መስመር ሊወሰን ይችላል። ከተተከለ በኋላ መቀየር ግን ምሰሶውን እንደገና መግዛት ያህል ያስወጣል።

ክልሉ ለዚህ ውይይት ባዶ እጁን አይመጣም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በዋሸራ የጂኦስፔስና ራዳር ሳይንስ ላቦራቶሪው የላይኛውን ከባቢ አየር ያጠናል፤ የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍ የጂ.ፒ.ኤስ. ምልክቶች የሚዛቡበትን ምክንያት ለመመርመር አገሪቱ የተመቸች ናት። ባሕረ ሐሳብን የሚያስተምሩ የአብነት ሊቃውንትም ከጨረቃ ዕድሜ አበቅቴንና መጥቅዕን አውጥተው፣ ሁለቱ ሲደመሩ ሠላሳ እንደሚሆኑ እያሳዩ፣ የፋሲካን ቀን ሲያሰሉ ኖረዋል። ስሌቱና የዛሬው ሥነ ፈለክ አንድ አይደሉም፤ ሰማይን በቁጥር መያዝ ግን ለዚህ ምድር አዲስ ነገር አይደለም።

ሳተላይቷ በመጠቀችበት በዚያው ሳምንት ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በየአገሩ ሕዝብ የተመረጡ የከዋክብት ስሞችን ይፋ አድርጎ ነበር። ለኢትዮጵያ የደረሳት፣ ከምድር 200 የብርሃን ዓመት ገደማ የሚርቅ ኮከብ ቡና ተባለ፤ በዙሪያው የምትዞረው ግዙፍ ፕላኔት ደግሞ አቦል። ቡና ደካማ ኮከብ በመሆኑ በላስታም ቢሆን በባዶ ዓይን አይታይም፤ ጨለማ ባለበት ግን ተራ የእጅ መነጽር ይበቃዋል። ከጊዮርጊስ አደባባይ ሆኖ ለማግኘት የሚሞክር ሰው ብዙ ይደክማል።

ቀጣዩ ትልቅ የፀሐይ ግርዶሽ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ሙሉው ጥላ በግብፅ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን አልፎ ሶማሊያን ይነካል፤ በኢትዮጵያ፣ በተለይ በሰሜኑ፣ ከቀትር በኋላ የፀሐይ ሰፊ ክፍል ይሸፈናል። ወቅቱ ክረምት ስለሆነ በእንጦጦም ሆነ በላስታ ደመና ሊጋርደው ይችላል። ሰማዩ ከተገለጠ ደግሞ ፀሐይን ለዚሁ በተሠራ የግርዶሽ መነጽር ካልሆነ በቀር ማየት ዓይንን ያሳውራል፤ ተራ የፀሐይ መነጽርም ሆነ በጥላሸት የጠቆረ መስታወት አይከላከልም።