ሸሪክ ዩኒቨርሲቲ ሲባል



የተከበራችሁ አንባቢያን፣ በተለይም በአካውንቲንግ፣ በማኔጅመንት፣ በማርኬቲንግና በመሳሰሉት የቢዝነስ ትምህርቶች ልጆቻችሁን የምታስተምሩ ወላጆች፣ እንዲሁም እናንተ ተማሪዎች! የዚህ ወር ጽሑፋችን የሚያተኩረው በአንድ ቃል ላይ ነው። ቃሉ «ሸሪክ» የሚለው ነው።

አንድ ተማሪ «ዩኒቨርሲቲያችን በውጭ አገር ሸሪክ ዩኒቨርሲቲ አለው፤ አንድ ሴሚስተር ወይም አንድ ዓመት እዚያ መማር ይቻላል» የሚል ዜና ይዞ ወደ ቤቱ ሲመጣ ቤቱ በደስታ ይሞላል። እናት ስለ ብርዱና ስለ ሐላል ምግቡ ትጨነቃለች፤ አባት የትኬቱን ዋጋ ያሰላል። ሁለቱም ማሰባቸው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከሁሉ አስቀድሞ ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ይዘለላል። ይኸውም «ሽርክናው በምን ላይ ነው?» የሚለው ነው።

ነጋዴ ይህን ጥያቄ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ሁለት ሰዎች በመርካቶ ሱቅ በሽርክና ሲከፍቱ ማን ስንት እንዳዋጣ፣ ማን እንደሚሠራ፣ ትርፉ እንዴት እንደሚከፈልና ኪሳራ ቢመጣ በማን ላይ እንደሚያርፍ ሳይነጋገሩ ሥራ አይጀምሩም። በኢስላማዊው ፊቅህም ሙሻረካና ሙዷረባ ሁለቱም ሽርክና ናቸው። በሙሻረካ ሁሉም ገንዘብ ያዋጣል፤ ኪሳራውንም እንደየድርሻው ይሸከማል። በሙዷረባ ግን አንዱ ገንዘቡን፣ ሌላው ጉልበቱንና ሙያውን ያቀርባል፤ ሠራተኛው እስካላጠፋ ድረስ የገንዘቡ ኪሳራ በባለ ገንዘቡ ላይ ያርፋል፤ ሠራተኛው ልፋቱን ያጣል። ስማቸው አንድ ሆኖ ሳለ ኪሳራ በመጣ ዕለት ልዩነታቸው ይገለጣል። የዩኒቨርሲቲዎች ሽርክናም እንዲሁ ነው። ልጁ ሳይሄድ ሁሉም አንድ ይመስላል፤ ሲመለስ ግን አንዱ በጊዜው ይመረቃል፣ ሌላው አንድ ዓመት ይደግማል።

የመጀመሪያው ዓይነት የተማሪ ልውውጥ ነው። ለዚህ በስፋት የሚታወቀው ምሳሌ በአውሮፓ በ1987 የተጀመረው ኢራስመስ ነው (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የእኛን አህጉር ጨምሮ ከአውሮፓ ውጭ ካሉ አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ተማሪ መለዋወጥ የሚያስችል በር ተከፍቷል። በዚህ ሥርዓት ተማሪው በራሱ ዩኒቨርሲቲ እንደተመዘገበ ይቆያል፤ ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲም የትምህርት፣ የምዝገባና የፈተና ክፍያ አይጠይቀውም። ተማሪውም ዲግሪውን የሚያገኘው ከራሱ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ከስሙ በቀር ከልውውጥ ጋር አይመሳሰልም። ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ይተዋወቃሉ፤ ተማሪው ግን የተቀባዩን ሙሉ ክፍያ ራሱ ይከፍላል። ነውር የለበትም፤ ልውውጥ መስሎት ከገባ ግን ቤተሰቡን ዕዳ ውስጥ ይጥላል። እዚህ ላይ «የትምህርት ክፍያ የለም» ማለት «ወጪ የለም» ማለት እንዳልሆነም ልብ ይሏል። ለምሳሌ ጀርመን ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ ለተማሪ ቪዛ ማስረጃ እንዲሆን በዝግ የባንክ ሒሳብ እንዲቀመጥ የጠየቀችው ገንዘብ በዓመት 11,904 ዩሮ፣ ማለትም በወር 992 ዩሮ ነው። ይህን የሚሸፍን የነፃ ትምህርት ዕድል ከሌለ ገንዘቡ ከቤተሰብ ኪስ መውጣቱ ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ዲግሪው ራሱ ለሁለት የሚከፈልበት ነው። የማሌዥያ ቤተሰቦች ታሪክ ይህን በደንብ ያስረዳል። በዚያ አገር ብዙ ተማሪዎች ሁለት ዓመት በአገራቸው የግል ኮሌጅ ተምረው የመጨረሻውን ዓመት በብሪታኒያ ወይም በአውስትራሊያ ሸሪክ ዩኒቨርሲቲ ይጨርሱ ነበር። በ1997 የእስያ የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ፣ ቀድሞ በ2.50 ሪንጊት ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥር 1998 ከ4.50 ሪንጊት በላይ ሆነ። የመጨረሻውን ዓመት ለመክፈል ያጠራቀሙ ወላጆች ገንዘባቸው ሳይነካ ዋጋው ግማሽ ያህል ቀለጠባቸው። መፍትሔ ሆኖ የመጣው «ሦስት ሲደመር ዜሮ» የተባለው አሠራር ነበር፤ ተማሪው ሦስቱንም ዓመት በአገሩ ተምሮ የውጭውን ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ይቀበላል።

ይህ ታሪክ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በጁላይ 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በብር እያጠራቀመ በዶላር የሚከፍል ቤተሰብ በዛሬው ምንዛሪ ብቻ ማስላት የለበትም። «ልጄ መንገድ ከጀመረ በኋላ ዋጋው በእጥፍ ቢጨምር ምን አደርጋለሁ?» ብሎ ዛሬውኑ መመለስ ይኖርበታል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። በሽርክናው ውስጥ የተማሪው ካፒታል ጊዜው ነው። ይህ ካፒታል እንዳይከስር የሚጠብቀው ደግሞ የተጻፈ ውል ነው። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሟ የሱረቱል-በቀራህ 282ኛዋ አንቀጽ መሆኗን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ይህች አንቀጽ የምትናገረው ጊዜው ስለተወሰነ ዕዳ ነው፤ እንዲጻፍ፣ ምስክር እንዲቆምለት፣ መጠኑ ቢያንስም ቢበዛም መጻፉ እንዳይታከት ታዝዛለች። አንቀጿ የወረደችው በዕዳ ጉዳይ ቢሆንም የምታስተምረው ጥንቃቄ ለቢዝነስ ተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው።

በኢራስመስ ሥርዓት ተማሪው ከመሄዱ በፊት «የትምህርት ስምምነት» የሚባል ወረቀት ይዘጋጃል። እዚያ የሚወስዳቸው ኮርሶች በስም ይዘረዘራሉ፤ በአገር ቤት የትኞቹን ኮርሶች እንደሚተኩም ይጻፋል። ሦስት ወገኖች ይስማሙበታል፤ ተማሪው፣ ላኪውና ተቀባዩ። እዚያ ደርሶ አንድ ኮርስ ቢሰረዝበትና ሌላ ቢተካ ለውጡም በጽሑፍ ሊጸድቅ ይገባል። ከኢራስመስ ውጭ የሚሄድ ተማሪም ቢሆን ይህን የመሰለ ወረቀት ከዲፓርትመንቱ ሳይዝ መሄድ የለበትም። «ስትመለስ እናየዋለን» የሚል የአፍ ቃል ከሬጅስትራር መስኮት ፊት ዋጋ የለውም።

በወረቀቱ ላይ ሦስት ነገሮች በጥንቃቄ ይታዩ። አንደኛ መስፈሪያው ነው። በአውሮፓ የአንድ ሙሉ ዓመት ትምህርት 60 ክሬዲት፣ የአንድ ሴሚስተር 30 ክሬዲት ሲሆን አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራን ይወክላል። ስለዚህ እዚያ 6 ክሬዲት የተባለ ኮርስ በእኛ 6 ክሬዲት አወር ማለት አይደለም፤ በቁና የተሰፈረና በኪሎ የተመዘነ እህል እንደማለት ነው። ሁለተኛ የኮርሱ ዓይነት ነው። ስታቲስቲክስ፣ ማርኬቲንግና የፋይናንስ መሠረተ ሐሳብ በየትኛውም አገር ተቀራራቢ ናቸው። የታክስና የንግድ ሕግ ኮርሶች ግን የየአገሩን ሕግ የሚያስተምሩ ናቸው። የጀርመንን ታክስ የተማረች የአካውንቲንግ ተማሪ የኢትዮጵያን የታክስ ኮርስ ወሰደች ሊባልላት ይከብዳል፤ በ2021 የወጣውን አዲሱን የንግድ ሕጋችንንም እዚያ የሚያስተምራት የለም። እነዚህን እዚሁ መውሰድ ይሻላል። ሦስተኛ የጊዜ ሰሌዳው ነው። በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች የክረምቱ ሴሚስተር የሚባለው ከኦክቶበር እስከ ማርች ነው። ፈተናው ሳያልቅ የአገር ቤቱ ሴሚስተር ቢጀመርስ? ይህም አስቀድሞ ይጻፍ።

ወረቀቱ ከተስተካከለ በኋላ ቀጣዩ ጥያቄ «ምን ልማር?» የሚለው ነው። እዚሁ የሚገኘውን ኮርስ ለመውሰድ ባሕር ማቋረጥ ትርፉ ጥቂት ነው። በአንጻሩ ማሌዥያን እንመልከት። ባንክ ኢስላም ማሌዥያና የማሌዥያ ዓለም አቀፍ ኢስላማዊ ዩኒቨርሲቲ ሁለቱም የተመሠረቱት በ1983 ነው። በ2005 ደግሞ የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ በኢስላማዊ ፋይናንስ ላይ ብቻ የሚያተኩር ከፍተኛ የትምህርት ተቋም አቋቁሟል። በአገራችን ብሔራዊ ባንክ በ2011 ነባር ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎት በመስኮት እንዲሰጡ፣ በ2019 ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች እንዲቋቋሙ ፈቅዷል፤ በ2021 ዘምዘም ባንክ ሥራ ጀምሯል። እንግዲህ ሙራበሓን በሒሳብ መዝገብ ላይ እንዴት እንደሚመዘግቡት፣ የሸሪዓ ኦዲት እንዴት እንደሚሠራ ተምሮ የሚመለስ ወጣት በአገሩ የሚጠብቀው ሥራ አለ። ወለድን ስለማስላት የሚያስተምረውን ኮርስም መሸሽ አያስፈልገውም፤ ምን እንደሚተው ለማወቅ አሠራሩን መረዳት አለበትና። ለትምህርቱ በወለድ መበደር ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከመፈረሙ በፊት ዑለማን ይጠይቅ።

ውድ ወላጆች! ልጃችሁ ዜናውን ይዞ ሲመጣ ደስታችሁን አትንፈጉት። ከዚያ ግን እነዚህን ጠይቁት፦ ክፍያውን የሚቀበለው የትኛው ዩኒቨርሲቲ ነው? ዲግሪውን የሚሰጠው ማን ነው? የትኛው ኮርስ የትኛውን ይተካል? የፈረመውስ ማን ነው? ዲግሪው ከውጭ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት ማግኘት አለማግኘቱ አስቀድሞ ይጣራ። የሶላት ቦታውን፣ የሐላል ምግቡን፣ የመኖሪያውን ነገር እዚያው ያሉ ሙስሊም ተማሪዎች ይነግሩታል። ከላይ ያሉትን ግን ከዲፓርትመንቱ በቀር ሊመልስለት የሚችል የለም።

አንተም ወንድማችን፣ አንቺም እህታችን! እነዚህን ጥያቄዎች ይዛችሁ ወደ ዲፓርትመንታችሁ ስትሄዱ አትፈሩ፤ ጠያቂ ተማሪ አስቸጋሪ ተማሪ አይደለም። የተፈረመውን ወረቀት አንዱን ቅጂ ለቤተሰብ ትታችሁ ሂዱ፤ ስትመለሱ ምስክራችሁ እሱ ነው።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ይስጠን፤ የሄዱትንም በሰላም ይመልስልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።