ዋሻ ለማየት የሚያስፈልገው መኪና ነው ወይስ መምህር?

ሰሞኑን በመኝታ ቤትም በሻይ ቤትም የሽርሽር ነገር እየተነሣ ያከራክራል። አንዳንድ ጓደኞቻችን «የጥንት ዋሻና ታሪካዊ ቦታ መጎብኘት የፈረንጅ ቤተሰብ ነገር ነው። እሱ አልጋውንም ምድጃውንም መኪናው ውስጥ አድርጎ፣ ልጆቹን ከኋላ ጭኖ፣ ደስ ባለው ቦታ እያደረ ይዞራል። እኛ በምናችን?» ይላሉ። መኪናው እንደሌለን አይካድም። በተቀረው ግን አንስማማም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እስቲ ያን ቤተሰብ እንከተለው። ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ የቬዜር ወንዝ ሸለቆ ደርሷል እንበል። ሩፊኛክ በሚባለው ዋሻ በኤሌክትሪክ ባቡር ወደ ውስጥ ይገባና የማሞዝ ሥዕል ያያል፤ ማሞዝ ማለት ከምድር የጠፋ ጠጉራም የዝሆን ዘመድ ነው። ከሁሉ ስመ ጥር የሆነው ላስኮ ግን ዝግ ነው። ያን ሁሉ መንገድ ተነድቶ የሚታየው ቅጂው ነው!

«ታዲያ ይኼ ማታለል አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። 17 ሺህ ዓመት ገደማ የቆዩት የላስኮ ሥዕሎች በ1948 ለሕዝብ ተከፈቱ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በቀን እስከ 1,200 ሰው ይገባ ጀመር። የሰው ትንፋሽ እርጥበትና የተቃጠለ አየር ይዟል፤ ገላም ይሞቃል። በዚህ የተነሣ ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ሽበት አበቀለ፣ ነጭ ቅርፊትም ያዘው። በ1963 ተዘጋ። የመጀመሪያው ቅጂ በ1983፣ ትልቁ ደግሞ በ2016 መጨረሻ ተከፈተ። እንግዲህ ዋሻውን የጎዳው ጠላት ሳይሆን አድናቂ ነው። ይህን ተረድቶ የተመለሰ ልጅ፣ በእኛ ግምት፣ ዋናውን በእጁ ዳስሶ ከወጣው የበለጠ ተምሯል።

እኛን ዕጩ መምህራንን ይበልጥ የሚመለከተው ግን ዋሻው የተገኘበት ሁኔታ ነው። በሴፕቴምበር 1940 ማርሴል ራቪዳ የተባለ ወጣት ከ3 ጓደኞቹ ጋር በአንድ ጉድጓድ ሹልክ ብሎ ወረደና ሥዕሎቹን አየ። ታዲያ ምስጢሩን ለማን ነገሩ? ለዳኛ አይደለም፣ ለነጋዴ አይደለም፤ ጡረታ ለወጡት ለመንደሩ መምህር ለሌዎን ላቫል ነው! ሰውየውም አላባረሯቸውም፤ ራሳቸው ወርደው አዩ፣ ዋሻው እንዲጠበቅም መከሩ። ከአራቱ አንዱ፣ ዣክ ማርሳል፣ የዋሻው በር ላይ ድንኳን ተክሎ ጠበቀ። ያኔ 14 ዓመቱ ነበር። በስፔንም በአልታሚራ ዋሻ በ1879 አባትዬው መሬት መሬቱን ሲቆፍሩ ጣራው ላይ ያሉትን ጎሾች ያየችው ትንሿ ልጃቸው ማሪያ ነች። ሊቃውንቱ አባቷን ከ20 ዓመት በላይ አላመኑም፤ እሳቸውም እውነታቸው ሳይታወቅላቸው ሞቱ።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ላስኮን በተገኘ በዚያው ወር መጥተው የመረመሩት አንሪ ብሬይ በ1933 እዚህ ድሬዳዋ አጠገብ ነበሩ፤ ፖርክ ኤፒክ፣ ማለትም የጃርት ዋሻ በሚባለው ሲቆፍሩ። ከዚያ ዋሻ ኋላ በተደረገ ቁፋሮ የወጣው ቀለማም አፈርና ድንጋይ ብቻ 40 ኪሎ ያህል ሆኗል፤ ዕድሜው 40 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። የላስኮን እጥፍ አለፈ ማለት ነው። ግድግዳው ላይ ሥዕልም አለ። እንዲህ ያለ አገር ላይ ተቀምጠን «እኛ በምናችን» ማለት ምን ይባላል?

ለመሆኑ አንድ የ4ኛ ክፍል ልጅ ከከብት ጥበቃ ሲመለስ ያልተለመደ ድንጋይ ይዞ ክፍል ቢገባ ምን እንለዋለን? «ጣለው! እጅህን ታጠብ!» ነዋ። ደግሞ ሽርሽር በወጣን ጊዜ ሥራችን ተማሪ መቁጠር ብቻ ነው፤ ቆጥረን ስንጨርስ ግድግዳው ላይ ስም በከሰል ተጽፎ ይገኛል። ልጁ ያየውን ሳይነካ፣ ሳይነቅል መጥቶ እንዲነግረን ከፈለግን መጀመሪያ የሚሰማ መምህር ማግኘት አለበት።

ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው። ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ እያንዳንዳችን በተመደብንበት አካባቢ በእግር የሚደረስበት አንድ የጥንት ቦታ እንፈልግ፤ ዋሻም ይሁን ትክል ድንጋይ ወይም የፈረሰ ግንብ። የአካባቢውን ሽማግሌዎች እንጠይቅ፣ ተማሪዎቹን አስከትለን እንይ፣ ምንም ሳናነሣ ጽፈን እንመለስ፤ አዲስ ነገር ከተገኘ ለባህል ጽሕፈት ቤት ይነገር። የጻፍነውም በዚሁ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። መመዝገቢያው ወረቀት ከዚህ ጽሑፍ ሥር ተሰቅሏል፤ እርሳስ ግን ከየራሳችሁ፣ ያለፈው ጠፍቷልና።