ሥዕል በዱቤ፣ ሠዓሊ በባዶ ሆድ

የአዲስ አበባ ሰው ሶፋ በዱቤ ይገዛል። መኪና በባንክ ብድር ይገዛል። ኮንዶሚኒየምማ ከደረሰው፣ ሀያ ከመቶውን ከፍሎ ሰማኒያውን ለዓመታት ሲገፋ ይኖራል። ታዲያ ከዚያ ሶፋ በላይ፣ ግድግዳው ላይ ምን ይሰቅላል? ከመርካቶ የገዛውን የፏፏቴ ፖስተር! «ሥዕልስ?» ቢሉት፣ «ኧረ እሱ የሀብታም ነው፤ ያንን ሁሉ ገንዘብ በአንዴ ማን ያወጣል?» ይላል። በአንዴ አውጣ ያለው ማን ነው? ለሶፋው የሠራ ሒሳብ ለሥዕሉ ሲሆን ለምን ይጠፋዋል?

እስቲ ሞላሌ እንውረድ። ይቅርታ፣ እንውጣ፤ ሞላሌ የሚወጡበት እንጂ የሚወርዱበት አገር አይደለም። የመንዝን ብርድ የሚመክተው ባናና ዝተት እንደ ዋዛ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። በጉ ይሸለታል፣ ጠጉሩ ይፈተላል፣ ሸማኔው ወገቡ እስኪቆረጥ ይሠራዋል። ለገበሬ ኪስ ውድ ነው። ግን «የሀብታም ነው» ብሎ የተወው የለም። በእጁ ያልያዘ ሰው፣ እንደየትም የአገራችን ገጠር፣ ዋስ ጠርቶ ገብሱ እስኪገባ ቀን ይቀጥራል። ከዚያው ከመንዝ ሳንወጣ የጓሳን ሣር እንመልከት። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ሕዝቡ በቀሮ ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ፣ ጊዜው ሲደርስ ከፍቶ ያጭድ ነበር። ትዕግሥትን ወደ ሀብት መለወጥ ከውጭ የመጣ ብልሃት አይደለም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያልነው እኛው ነን።

ስለዚህ ውድ ሥዕልን ከፋፍሎ መክፈል ነውር ነው የሚለኝ ካለ አልሰማውም። ጠቤ ከሌላ ጋር ነው።

የመጀመሪያው ጠቤ «በኋላ እንተያያለን» ከሚለው ገዢ ጋር ነው። ይህ ሰው ኤግዚቢሽን መክፈቻ ላይ ወይን እየጠጣ ሠዓሊውን ያቅፈዋል፣ ያሞግሰዋል። ግማሹን ሰጥቶ ሥዕሉን ያስጭናል። የቀረው ግማሽ? ደብዳቤ የለ፣ ፊርማ የለ፣ ቀን የለ። ሠዓሊው ስልክ ሲደውል ስብሰባ ላይ ነው፤ ደጋግሞ ሲደውል ደግሞ «ምን ያስቸኩልሃል፣ አርቲስት አይደለህ?» ይባላል። ልብ በሉ፣ ይኸው ሰው የመኪናውን ወርሃዊ ክፍያ አንድ ቀን አያሳልፍም። ባንክ ቀልድ አያውቅማ! እንግዲህ በአገራችን የሥዕል ዱቤ የምንለው ነገር ሲገለጥ ይኸው ነው፦ ቀለም መግዣ ያጣ ሰው፣ ባለ ቪላውን ያለ ወለድ ያበድራል።

ሁለተኛው ጠቤ ከነጋዴው ሰብሳቢ ጋር ነው። አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምህረቱ በ2008 እ.ኤ.አ. የሠራችው ሥዕል በኅዳር 2016 ዓ.ም. ኒውዮርክ ውስጥ በ10.7 ሚሊዮን ዶላር መሸጡን ከሰማ ወዲህ እንቅልፍ አጥቷል። «ዛሬ በዱቤ ልያዘው፣ ነገ አሥር እጥፍ ያወጣል» ይላል። ወንድሜ፣ ሥዕል የቦሌ መሬት አይደለም። እንዲህ ያለው ዋጋ የሚወጣው ጨረታ አቅራቢ፣ ሙዚየም፣ ሐያሲና መዝገብ ባለበት ገበያ ነው። እኛ ጋ ችግር ገጥሞህ ልሽጠው ብትል ማን ጋ ትሄዳለህ? ያላየኸውን፣ ያልወደድከውን ነገር ተበድረህ አትግዛ። የወደድከውን ከገዛህ ግን ዋጋው ባይጨምርም አልከሰርክም፤ በየማለዳው ታየዋለህ።

ታዲያ ምን ይሁን? በ2004 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ የኪነ ጥበባት ምክር ቤት አንድ ቀላል ነገር ጀመረ። ገዢው የሥዕሉን ዋጋ ያለ ወለድ በአሥር ወር ከፋፍሎ ይከፍላል፤ ጋለሪው ግን ገንዘቡን አስቀድሞ ይቀበላል። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፦ ጊዜ የተሰጠው ለገዢው ነው፣ የሚጠብቀው ግን ሠዓሊው አይደለም።

«እኛ ያንን የሚያደርግ ምክር ቤት ከየት እናመጣለን?» ትሉ ይሆናል። ምክር ቤት ምን ያደርግልናል፣ እቁብ እያለን! አሥራ ሁለት የአንድ መሥሪያ ቤት ባልደረቦች በወር በወር ይጥሉ። ዕጣ የወጣለት የመረጠውን ሥዕል ይግዛ፤ ሠዓሊው ገንዘቡን በዚያኑ ቀን ሙሉውን ይቁጠር። በዓመቱ አሥራ ሁለት ግድግዳ ሥዕል ይኖረዋል። ዳኛው፣ ጸሐፊው፣ ዋሱ ሁሉ የምናውቀው ነው። እቁብ የማይጥልና ከፋፍሎ መክፈል የሚሻ ደግሞ አንድ ገጽ ውል ይፈርም፤ ዋጋው፣ የክፍያው ቀን፣ ባይከፈል ምን እንደሚሆን ይጻፍበት።

«ዳቦ ሳይጠገብ ሥዕል?» የሚል ይኖራል። የመምህርና የነርስ ደመወዝ ወር እንደማያደርስ አላጣሁትም፤ ልጁን ለማብላት የሚያጣውን ሥዕል ግዛ አልልም። ይህ ክርክር ግን ከራበው አፍ ሲወጣ አልሰማሁም። የምሰማው በየሦስት ዓመቱ ሶፋ ከሚቀይረው ነው። አባቶቻችን ከእኛ ይልቅ ድሆች ነበሩ፤ ነገር ግን ቤተ ክርስቲያናቸውን ሥዕል አልባ አልተዉም። በየገዳሙ፣ ከቅዱሳኑ እግር ሥር ተደፍቶ የምናየው ያሣለው ሰው ምስል ምስክር ነው።

አለመግዛታችን ዋጋ አስከፍሎናል። የእስክንድር ቦጎሲያን «የጁጁ ሠርግ» ያለው ኒውዮርክ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ በስደት አረፈ፤ ጀርመን አገር የቆዩ ሥራዎቹ ተመልሰው አዲስ አበባ ውስጥ በስሙ ሙዚየም የተከፈተው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዳ ሰብስቦ ባያቆይልን ኖሮ ምን እናይ ነበር? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ጥንታዊውን ብራና ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ እሰየው። ዛሬ የሚሣለውን ግን አዋጅ አያቆየውም። እሱን የሚያቆየው ገዢ ብቻ ነው።

በዱቤ እንግዛ፤ ዱቤው ግን ከሠዓሊው ጉሮሮ አይምጣ። የሞላሌ ገበሬ ለጀርባው ብርድ ዋስ ይጠራል። እኛ የተማርነው ለባዶ ግድግዳችን የምንጠራው ዋስ አጣን?