የበጋው አየርና የስፖርተኛው ቆዳ

ክረምቱ አልፎ ጭቃው ሲደርቅ በባሕር ዳር የስፖርት ወራት ይጀምራል። ስሙን ከቀድሞው የፔዳጎጂ አካዳሚ ባገኘው በፔዳ ግቢ ተማሪው ማለዳ ይሮጣል፤ ጸሐፊውም ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ የመሥሪያ ቤቱን በር ዘግቶ በጣና ዳር ይራመዳል። ይህ እጅግ የሚመሰገን ልማድ ነው። ነገር ግን ሳንባውንና እግሩን የሚያጠነክረው ወጣት ብዙ ጊዜ ቆዳውን ይረሳዋል። ቆዳ ደግሞ ጌጥ ብቻ ሳይሆን የሰውነት አጥር ነው።

በጋ ቆዳን የሚጎዳው በምንድን ነው? ብዙ ሰው «በብርዱ ነው» ይላል። ዋናው ጠላት ግን ድርቀቱ ነው። ደረቅ አየር የቆዳን እርጥበት ይወስዳል፤ በሯጭ ላይ ነፋስ ሲጨመርበት ይብሳል። ያን ጊዜ ቆዳው ይነጣል፤ ያሳክካል፤ ከንፈር ይሰነጠቃል፤ ተረከዝም ይነቃል። በተሰነጠቀውም በኩል ልዩ ልዩ ተሕዋስያን ይገባሉ።

መድኃኒቱ ቅባት መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ አቀባቡን ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው። አሜሪካዊው ኬሚስት ሮበርት ቼስብሮ እ.ኤ.አ. በ1872 ያስመዘገበው ቫዝሊን ለቆዳ ውኃ አይሰጥም፤ ያለው ውኃ እንዳይተን ይከድናል እንጂ። ስለዚህ በደረቀ ቆዳ ላይ ቢቀቡት ጥቅሙ ያንሳል። ከስፖርት በኋላ ለብ ባለ ውኃ ሳትቆዩ ታጠቡ፤ የልብስ ሳሙና ለልብስ ይቅር። በፎጣ ሳትፈትጉ ውኃውን ጠረግ አድርጉና ቆዳው ገና እርጥበት ሳለው ተቀቡ። ለዚህም ውድ ክሬም ስለማያስፈልግ የወር ደመወዝ አይናጋም።

ሁለተኛው ጠላት ፀሐይ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ አላት፤ በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ የማይታየው ጨረር ከመቶ 10 ያህል ይጨምራል። የሐይቁ ነፋስ ስለሚያቀዘቅዘን ግን አናስተውለውም። ጥቁር ቆዳ ብዙ ይከላከላል፤ ፈጽሞ አይጎዳም ማለት ግን አይደለም፤ ማድያትም ይባባስበታል። ስለዚህ ከጧቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ከሜዳ መራቅ፣ ካልሆነም ባርኔጣና እጅጌ ረጅም ልብስ ማድረግ ይገባል። በተፈጥሮ ቆዳቸው ቀለም ለሌለው ጓደኞቻችን ግን ባርኔጣና የፀሐይ መከላከያ ክሬም ቅንጦት አይደሉም፤ ከቆዳ ካንሰር የሚጠብቁ ጋሻ ናቸው። እንዲህ ያለ ተጫዋች ያለበት ቡድን ግጥሚያውን ወደ ማታ ቢያደርግለት ወዳጅነት ነው።

በመጨረሻም ብዙ ወጣት የማያስበው አደጋ አለ። ላብ ያጠመቀው ሯጭ ሐይቁን ሲያይ ዘልሎ መግባት ያምረዋል። በጣና ዳርቻ ግን የቢልሃርዝያ በሽታ ይገኛል። ጥቃቅኖቹ እጮች ከቀንድ አውጣ ወጥተው በውኃው ውስጥ ይዋኛሉ፤ ቁስል ባይኖርም እንኳ ጤነኛውን ቆዳ በጥቂት ደቂቃ ሰርስረው ይገባሉ። ቆይቶም ትሉ አንጀትንና ጉበትን ይጎዳል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ የአገራችን እንዶድ እነዚህን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል ማስተዋላቸው በዓለም የታወቀ ነው፤ ይሁን እንጂ በሽታው ከአገራችን ገና አልጠፋም። እንግዲህ ሐይቁን በጀልባ ተደሰቱበት፤ ገላችሁን ግን በቧንቧ ውኃ ታጠቡ። ከዚህ ቀደም የገባ ሰው ቢኖር ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር፤ ፕራዚኳንቴል የሚባል ፍቱን መድኃኒት አለ።

ከስፖርት ጫማችሁ ጋር ባርኔጣ፣ ፎጣና አንዲት ብልቃጥ ቅባት በቦርሳችሁ ይኑር። ጉልበታችሁን ስታዳብሩ አጥራችሁንም ጠብቁ።